ካብና ግንብ፦ በሰሜን አምባዎች ያልተነበበው ታሪካችን

የካቲት የታሪክ ወር ነው። በ12 ሰማዕታቱን፣ በ23 ዓድዋን እንዘክራለን፤ አደባባይ እንወጣለን፣ አበባ እናኖራለን፣ እግረ መንገዳችንንም እንደ ልማዳችን በታሪኩ ባለቤትነት ላይ እንነታረካለን። በዚያው ወር መግቢያ ላይ ግን ለብዙዎቻችን ያለ አንዳች ኮሽታ የሚያልፉ ሁለት ቀናት አሉ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜንንና የትግራይን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። የካቲት 5 ቀን እዚያው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ፣ የዘመናዊት ኢትዮጵያ ጅማሮ ብለን ለልጆቻችን የምናስተምረው ይህንኑ ቀን ነው።

ለመሆኑ ደረስጌ የት ነው? ጥያቄውን ለአንድ የተማረ የአዲስ አበባ ሰው ብታቀርቡለት «ጎንደር አካባቢ ይመስለኛል» ብሎ ያልፋችኋል። ደረስጌ የሚገኘው በሰሜን ጎንደር፣ ዋና ከተማው መካነ ብርሃን በሆነው በጃናሞራ ወረዳ ነው። አገሩ ደጋ፣ ገደሉ ጥልቅ፣ ጎረቤቱም ከ4,500 ሜትር በላይ የሚነሣው ራስ ደጀን ነው። ውቤ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት በግዛታቸው ይኖር የነበረውን ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐርን ኃላፊ አድርገው ሲሆን፣ ለራሳቸው ንግሥ አስበው እንዳሳነጹት ይነገራል። ለራስ የተሰናዳው ለባላጋራ ሆነ። ስለዚህ ደብር አንድ ሙሉ መጽሐፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ጸሐፊዋ ግን የእኛ አገር ሰው ሳይሆኑ ዶሮቴያ ማክኢዋን የተባሉ አጥኚ ናቸው። «ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይል የለ ያገሬ ሰው!

የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። በደረስጌ ዙሪያ ስላሉት ተራሮችና በእነዚያ ተራሮች ላይ ስለነበሩት ምሽጎች ነው። ከውቤ 270 ዓመታት ያህል አስቀድሞ በዚሁ በሰሜን ምድር በኢትዮጵያ ታሪክ ከታዩት ከበባዎች ሁሉ አሰቃቂ ከሚባሉት አንዱ ተካሂዷል። የዚያ ጦርነት «ቤተ መንግሥት» የት ነው? ለምን ጎብኚ አይሄድበትም? ለምንስ በካርታችን ላይ የለም? መልሱ አንድ ትልቅ የአመለካከት ጉድለታችንን ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

ግንብ፣ ካብ፣ አምባ

ጎንደር ሲባል ሁላችንም አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግንብ በግንብ ላይ ጨመሩ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ በቅርብ ዓመታትም ግቢው ሰፊ እድሳት ተደረገለት። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ችግሩ ግንቡን የታሪክ ምልክት ከማድረግ አልፈን የታሪክ መለኪያ ማድረጋችን ነው። ኖራ ያልነካው ድንጋይ ለእኛ ታሪክ አይደለም።

ቋንቋችን ግን ከእኛ ይልቅ አስተዋይ ነው። በኖራ ተያይዞ የቆመውን «ግንብ» ይለዋል። ያለ ኖራና ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራውን «ካብ» ይለዋል። ለመከላከያ የተቆፈረውን ወይም የታጠረውን «ምሽግ»፣ ዙሪያው ገደል ሆኖ አናቱ የተስተካከለውን ተራራ «አምባ» ይለዋል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ አነጋገር ንጉሡ ከነሠራዊቱ የከተመበትን ቦታ የሚያመለክት ነበር። እነዚህ ቃላት በአንድነት ሲነበቡ የሚነግሩን ነገር አለ። የደጋው ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት የተዋጋው፣ የተከበበውና የገዛው በግንብ ውስጥ ሆኖ ሳይሆን በካብና በአምባ ላይ ነው። ግንቡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

በአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን መጀመሪያም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ዛሬ በፖስታ ካርድ ላይ የምናያቸው የድንጋይ ግንቦች ከመሠራታቸው በፊት የአንድ ትንሽ መስፍን ምሽግ ማለት ክብ ቦይ፣ ከቦዩ በወጣው አፈር የተቆለለ ድልድል፣ በድልድሉ ላይ የተተከለ የእንጨት አጥር ነበር። እንጨቱ በሰበሰ፤ አፈሩ ቀረ። ብዙዎቹ ዛሬ በጫካ ውስጥ ናቸው፤ ሳያውቅ የሚያልፍ ሰው ጉብታ ያየ ይመስለዋል። እዚያ ግን ጉብታውን ለክተው፣ ቦዩን በመስቀለኛ ቆርጠው፣ ከሥሩ የተገኘውን ከሰል መርምረው ዕድሜውን ይናገራሉ። ንጉሥ የማያውቀው፣ መጽሐፍ ያልጠቀሰው የመንደር መስፍን በአፈሩ ምስክርነት ወደ ታሪክ ይገባል። እኛ ዘንድ ያለው ምሽግ ከዚህ የሚለየው ተፈጥሮ አብዛኛውን ሥራ ስለ ሠራችለት ነው። ገደሉ ግድግዳ ሆኖ ሳለ ሰው የሚጨምረው በአንገቱ ላይ ካብ፣ በመውጫው ላይ በር፣ በአናቱ ላይ የውኃ ጉድጓድና የእህል ጎተራ ነው። ስለዚህ አሻራው ትንሽ ነው፤ ለማየትም የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

ዜና መዋዕሉ ያለው

ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በትግራይ ቱርኮችንና ባሕር ነጋሽ ይስሐቅን ድል ካደረጉ በኋላ በ1579 እ.ኤ.አ. ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ። በሰሜን አምባዎች ላይ የቤተ እስራኤሉ መሪ ረዳኢ ነበሩ። የግእዙ ዜና መዋዕል የሁለቱን ወገን ትግል በዝርዝር ይተርካል። ከላይ ድንጋይ ይንከባለላል፤ ከታች በጊዜው ለአገሩ አዲስ የነበረው መድፍ ይተኩሳል። ከበባው ረዘመ፤ በመጨረሻ ረዳኢ እጃቸውን ሰጡ። በ1587 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ በጎሼን ላይ አገረሸ፤ በእነዚህ ዘመቻዎች ከተማረኩት ሴቶች አንዷ እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር እንደ ታሰረ፣ አምላኳን ጠርታ፣ እርሱንም ይዛ ራሷን ወደ ገደል እንደ ወረወረች ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ጸሐፊው የንጉሡ ሰው ነው፤ ለወገኑ ይጸልያል፣ ጠላቱን ይረግማል። ነገር ግን ይህን ሲተርክ አድናቆቱን መደበቅ አቅቶታል።

ይህ ታሪክ በግእዝ ሲነገር ኖሮ በ1907 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ አሳተሙት፤ በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሃሌቪም የዘመቻውን ክፍል ለብቻው አወጡት። ከዚያ ወዲህ የጻፈው ሁሉ በዚሁ አንድ ጽሑፍ ላይ ቆሞ ነው የጻፈው። አንድ ምስክር! ያውም የአሸናፊው ምስክር። የተከበቡት ሰዎች በበኩላቸው ስለዚያ ቀን የጻፉት ዜና መዋዕል የላቸውም። ስንት ሆነው ወጡ? ምን በሉ? ውኃ ከየት ቀዱ? አምባውን የሠሩት እነርሱ ናቸው ወይስ ከእነርሱ በፊት የነበረ ነው? ሰላም በሆነ ጊዜስ እዚያ ላይ ሰው ይኖር ነበር ወይስ የመከራ ቀን መሸሸጊያ ብቻ ነበር? ዜና መዋዕሉ ለእነዚህ ግድ የለውም።

መሬቱ የሚለው

እዚህ ላይ ነው አርኪዮሎጂ የሚያስፈልገን። ይህ ጸሐፊ የሙያው ሰው አይደለም፤ ሆኖም የሙያው አሠራር ምሥጢር አይደለምና ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ካብ በተሠራበት ጊዜ ከሥሩ የነበረው አፈር እንደ ተዳፈነ ይቀራል። በዚያ አፈር ውስጥ የተገኘ ከሰል ወይም የእህል ፍሬ ካቡ ከመቼ ወዲህ እንደ ተሠራ ይነግራል። አንድ ቦይ ከተቆፈረ በኋላ ከዓመት ዓመት ደለል ይሞላዋል፤ በመስቀለኛ ሲቆረጥ ደለሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ይታያል፤ በገጾቹ መካከል ጥቁር መሥመር ካለ እሳት ነበረ ማለት ነው። የገሉ ዓይነት የማን ሸክላ ሠሪ እጅ እንደ ሆነ ይጠቁማል። የታረደው ከብት አጥንት ከበባው ሲጠና ምን እንደ ተበላ ይናገራል። የውኃው ጉድጓድ ሲለካ ስንት ሰው ለስንት ቀን ሊጠጣ እንደሚችል በግምት ይሰላል። ይህ ሁሉ ወርቅ ፍለጋ አይደለም፤ ለጎብኚ የሚታይ ነገርም ላይወጣው ይችላል። ነገር ግን ለሌላኛው ወገን ምስክር ማቆም ነው።

የዓለም ምሳሌ ካስፈለገ ማሳዳ አለ። በሙት ባሕር አጠገብ ያለው ያ አምባ የታወቀው የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ስለ ጻፈለት ነው። በ1963 እና በ1965 እ.ኤ.አ. መካከል ዪጋኤል ያዲን አምባውን ቆፈረ። የሮማውያኑ ስምንት ሰፈሮችና አምባውን የከበበው ካብ ዛሬም በመሬት ላይ ይታያሉ፤ በዚህ ዮሴፍ እውነቱን ነበር። ስለ ተከላካዮቹ ፍጻሜ የነገረን ግን እንዳለ ይወሰድ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የከባቢው ጦር ሰፈርም እንደ ተከባቢው አምባ ሁሉ አሻራ ይተዋል፤ ስለዚህ በሰሜን የሚፈለገው የረዳኢ አምባ ብቻ ሳይሆን የሠርፀ ድንግል ሰፈርም ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ሲጠየቅ ጽሑፉን አንዳንዴ ያጸናዋል፣ አንዳንዴ ያስተባብለዋል። መልሱን አስቀድሞ የወሰነ ሰው ባይቆፍር ይሻለዋል።

በጎንደር አካባቢ ቁፋሮ ፈጽሞ የለም ለማለት አይደለም። ቪክቶር ፈርናንዴዝ የመሩት የስፔን ቡድን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዘዞ፣ በደንቀዝ፣ በጎርጎራና በሌሎችም የኢየሱሳውያን ዘመን ፍርስራሾች ላይ ለዓመታት ሠርቶ ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ባር ክሪቡስና ቬሬና ክሬብስ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ያሉ የቤተ እስራኤል ገዳማትን ፍለጋ ወጥተው ነበር፤ ክሪቡስ ከዚያ በኋላ ስለ ገዳማቱ አሠራር መጽሐፍ አውጥቷል። እንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብም ከጎንደር በፊት ግንብ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ በልማድ ግንቡ የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ? ለሠርፀ ድንግል! በሰሜን አምባ ሥር የሰፈሩት ንጉሥ ጉዛራ ላይ ግንብ አቆሙ ማለት ነው። የመጀመሪያውን እንጎበኛለን፤ ሁለተኛውን አናውቀውም። ድንጋዩን ከድንጋይ ለይተን ያየነው በኖራው ነው።

ዛፉ የጠበቀው

በሰሜን ጎንደር ደጋ ማረሻ ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። ገበሬው በገደል አፋፍ ላይ ገብስ ይዘራል። ማረሻ የአፈር ድልድልን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ያስተካክላል፤ ካብ ደግሞ ለአዲስ እርከን፣ ለበረት፣ ለቤት የተዘጋጀ ድንጋይ ነው። ገበሬውን የሚወቅስ ካለ ችግር የማያውቅ ነው። ማንም መጥቶ «ይህ ምሽግ ነው» ብሎ አልነገረውምና።

ማረሻ የቆመበት ቦታ አንድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር። ጽዱም ወይራውም ኮሶውም የተረፈው እዚያ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት የደብር ደኖችን የቀድሞው ጫካ ቅሪት ብለው ያጠኗቸዋል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ የተረፈው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ያለው መሬትም ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ያልታረሰ አፈር፣ ያልተነሣ ካብ፣ ያልተስተካከለ ጉብታ የሚገኘው እዚያው ነው። አብያተ ክርስቲያናቱም ብዙ ጊዜ የተተከሉት በኮረብታ አናት ላይ፣ ማለትም ለምሽግም በሚመች ቦታ ላይ ነው። እርግጥ ሥር ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ዛፍም ከዓይን ይሰውራል፤ ሆኖም ከማረሻው ጋር ሲወዳደር ዛፍ ደግ ጠባቂ ነው። ደኑ ሲመነጠር የምናጣው ጥላና ወፍ ብቻ እንዳይመስለን።

ዘመናችን ሌላም አደጋ ጨምሯል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ሲታመስ ቆይቷል። የጦር መኮንን ተራራን የሚያይበት ዓይን አይለወጥም። በ1579 የመረጠውን አንገት ዛሬም ይመርጠዋል፤ አሮጌው ካብ ባለበት አዲስ ምሽግ ይቆፍራል። በሰው ሕይወት ላይ የደረሰው እያለ ስለ ድንጋይ መናገር ነውር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን አልለያቸውም። ልጆቻችንን ለየምሽጉ የሚያበቃቸው ስለ አሮጌዎቹ ምሽጎች የምንተርከው ግማሽ ታሪክ ጭምር ነው።

የማን ምሽግ ነው?

የፖለቲካችን ትልቁ በሽታ ታሪክን እንደ ርስት መቁጠር ነው። አንዱ «የእኔ ግንብ» ይላል፤ ሌላው «የእኔን አፍርሰህ የሠራኸው ነው» ይላል። የሰሜን አምባዎች ለዚህ ክርክር አይመቹም፤ የወደድኳቸውም ስለዚህ ነው። በዚያ መሬት ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች ተዋግተውበታል፤ አብዛኞቹ ዘሮቻቸው ከ1980ዎቹና ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ይኖራሉ። የሠርፀ ድንግል ወታደሮች በዚያ ቀዝቃዛ አገር ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው ሞተውበታል። የውቤ ጦር የትግራይም የሰሜንም ሰው ነበረበት። የካሳ ጦር ከቋራ እስከ ሸዋ ለሚዘልቅ ዘመቻ መንገዱን የጀመረው ከዚያ ነው። ዛሬ እዚያ የሚያርሰው የጃናሞራ ገበሬ የእነዚህ የሁሉም ጎረቤት፣ ምናልባትም የሁሉም ዘመድ ነው። እንግዲህ ምሽጉ የማን ነው? አንድ ሰው «የእኔ ብቻ» ቢል የካቡ ድንጋይ ይታዘበዋል።

ለዚህም ነው አርኪዮሎጂ ለእኛ የቅንጦት ትምህርት አይደለም የምለው። ዜና መዋዕል የሚናገረው ስለ ነገሥታት ነው፤ አፈር የሚናገረው ስለበላና ስለጠጣ ሰው ነው። የአሸናፊውና የተሸናፊው ገል በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ይህን ያየ ተማሪ ስለ አገሩ የሚኖረው ስሜት በመፈክር ካደገው ተማሪ የተለየ ይሆናል።

ምን ይደረግ? ሰማይ አልጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለማጥናትና ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ሪፖርት እንዲደረግ ያዛል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ቅርስ ምን እንደሚመስል ለገበሬው፣ ለካህኑና ለመምህሩ የሚያስረዳ ሰው ነው። ሰላም ሲሰፍን ከመቆፈር በፊት መራመድ ይቻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር እየዞሩ የቦታ ስሞችን ይመዝግቡ፤ የቦታ ስም ብዙ ጊዜ የተረሳ ምሽግ የመጨረሻው ምስክር ነውና። ካቡን ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ በካርታ ላይ ያኑሩ። በእስራኤል ያሉትን የቤተ እስራኤል አረጋውያንም ይጠይቁ፤ እነርሱም በዕድሜ እየገፉ ነው። ቁፋሮው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ያልተቆፈረ መሬት ይቆያል፣ ያልተመዘገበ ካብ ግን በሚቀጥለው ክረምት በረት ሊሆን ይችላል።

በሚቀጥለው የካቲት ዓድዋን ስንዘክር ለደረስጌም አንድ ሐሳብ እንስጣት። የተቀባውን ንጉሥ ብቻ ሳይሆን በዚያች ገደል አፋፍ ላይ እጇ ከጠላቷ እጅ ጋር ታስሮ የነበረችውን ሴትም እናስባት። ዜና መዋዕሉ ስሟን አልጻፈውም። የቆመችበት አፋፍ ግን ዛሬም በሰሜን ምድር አለ፤ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ብቻ ነው የቀረው።

ቸር ያሰንብተን!